ለግማሽ ማራቶን ረጅሙ ልምምድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሁን?

ውድድሩ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ቢሆንም በልምምድ ሙሉውን መሮጥ ግድ አይደለም። ለጀማሪ በሳምንት አንዴ የሚሮጠው ረጅሙ ሩጫ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ይበቃል፤ የቀረውን የውድድሩ ቀን ሆይ ሆይታ ይሸፍነዋል።

አሁን 8 ኪሎ ሜትር ሳትቆሙ የምትሮጡ ከሆነ 12 ሳምንት ያዙ። የረጅሙ ሩጫ አካሄድ እንዲህ ነው፦ 8፣ 9፣ 10፣ 8፣ 11፣ 12.5፣ 14፣ 11፣ 15፣ 16.5፣ 11፣ ከዚያ ውድድሩ። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት መቀነሱ ስንፍና አይደለም፤ ጅማትና አጥንት ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ሳይቀንሱ የሚጨምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቅልጥማቸውን ያማቸዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በርቀቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ነው። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለ፣ ሰዓታችሁን ትታችሁ ትንፋሻችሁን አዳምጡ። ሐዋሳ ወርዶ የሚወዳደር ሰው እዚያ አየሩ ይቀለዋል፤ ሙቀቱ ግን ያስከፍለዋል፣ ውሃ መጠጣትን ቀድሞ ይለማመድ።

ረጅሙ ሩጫ ከሳምንቱ ድምር ግማሽ ካለፈ ችግሩ ረጅሙ ላይ አይደለም፤ የሌሎቹ ቀናት ሩጫ አንሷል ማለት ነው።