ዕጣንም ንዴትም የሆነው ኢንሴንስ፤ አጠቃቀሙ

የእንግሊዝኛው ኢንሰንስ ዕጣን መሆኑን የማያውቅ የለም። ችግሩ የሚመጣው ጋዜጣ ላይ ነዋሪዎች በአንድ ውሳኔ ምክንያት «ኢንሴንስድ» ሆኑ የሚል ሲነበብ ነው። ማታ ማታ እንግሊዝኛ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ታጠኑ ማለት ነው?»

ቢሳቅበትም ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ፊደሉ ያው ነው፤ አይ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ኢ። ስም ሲሆን ዕጣን፣ ግስ ሲሆን ደግሞ ክፉኛ ማናደድ። ሁለቱም «እሳት ለኮሰ» ከሚል የላቲን ግስ የወጡ ናቸው። ዕጣኑ ፍም ላይ ስለሚነድ፣ ሰውየው ደግሞ ውስጡ ስለነደደ። እኛም እኮ ተናደደ ያልነው ከነደደ ተነስተን ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ለመያዝ ብዙ መልፋት የለበትም። ሻማ የሚባለው ካንድልም የዚሁ ዘር ነው። ኢንሴንቲቭ ግን በድምፅ ቢቀርብም ዘመድ አይደለም፤ ዘሩ መዝፈን ከሚል ሌላ ግስ ነው።

መጀመሪያ አነባበቡ። ለዕጣኑ ጉልበታችሁን «ኢን» ላይ ጣሉ፤ ለንዴቱ «ሴንስ» ላይ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ለመለየት እንዲያመቸኝ ዕጣኑን ኢንሰንስ፣ ንዴቱን ኢንሴንስ እያልኩ እጽፋለሁ። ነገሩ የዚህ ቃል ብቻ ጠባይ አይደለም። ሪከርድ፣ ፐርሚት፣ ኢንሰልት የሚሉትም ስም ሲሆኑ ፊተኛው፣ ግስ ሲሆኑ ኋለኛው ክፍል ይጠብቃል። ያለፈው ጊዜ መጨረሻው ላይ «ድ» ተብሎ ቢጻፍም ጆሮ የሚሰማው «ት» ነው፤ ኢንሴንስት። እዚህ ላይ አደራ! ሁለተኛዋን «ን» ከዋጣችኋት ቃሉ የሥጋ ዘመዳሞች የሚፈጽሙት ነውር ስም ይሆናል። ሥራ ለመቀጠር ኢንተርቪው ላይ ተቀምጣችሁ «አለቃዬ አናድዶኝ ነበር» ለማለት ስትፈልጉ ያ የነውር ቃል እንዳያመልጣችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው ማን አናደደ፣ ማን ተናደደ የሚለው ነው። አማርኛ ይህን በአንዲት ፊደል ይጨርሰዋል፤ «አ» ካለች አናደደ፣ «ተ» ካለች ተናደደ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ፊደል ስለሌለው ነገሩን በቃላት ያዞራል። «አይ ኢንሴንስድ» ብላችሁ ካቆማችሁ አድማጩ «ማንን?» ብሎ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም አናደድኩ ነው ያላችሁት። ተናደድኩ ለማለት «አይ ወዝ ኢንሴንስድ» ነው። ቀላሉ ዘዴ መጀመሪያ ሐሳባችሁን በአማርኛ ማሰብ ነው። ግሱ በ«ተ» ከጀመረ ወዝ፣ ወር ወይም አም ይግባ። በ«አ» ከጀመረ ደግሞ የተናዳጁ ሰው ስም ከግሱ ኋላ ይቀመጥ፤ «ዘ ዲሲዥን ኢንሴንስድ ዘ ሬዚደንትስ»፣ ውሳኔው ነዋሪዎቹን ክፉኛ አስቆጣ።

ከዚያ በኋላ ያናደደውን ነገር ለማስከተል «ባይ» ወይም «አት» በሉ፤ ሁለቱም አያሳፍሩም። «ሶ ኢንሴንስድ ዛት» ብላችሁ መቀጠልም ትችላላችሁ፤ ከመናደዱ የተነሳ እንዲህ አደረገ ለማለት። «ቬሪ» ግን አይመቸውም። ቃሉ ራሱ ጫፍ ላይ ያለ ስለሆነ «በጣም» ሲጨመርበት ትርፍ ይሆናል።

ለመሆኑ ምን ያህል ንዴት ነው? እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ሁሉንም «አስቆጣ» ብሎ ስለሚያልፋቸው እኔ በራሴ ሚዛን ላስቀምጣቸው። አኖይ ማበሳጨት ነው፤ ሌሊት ጆሮ ሥር የምትጮህ ትንኝ የምታደርገው። ኢሪቴት እሱው ሲደጋገም፣ ሰው ሲበሽቅ። ፕሮቮክ መተንኮስ ነው፤ ነገር ፈልጎ እሳት መቆስቆስ። አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር አለበት። ኢንፊዩሪየት ማብገን ነው፤ ምክንያቱ የማንም ጥፋት ባይሆንም ይሠራል፤ መንገድ መዘጋጋቱ ብቻ ሊያበግን ይችላል። ኢንሴንስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የፍትሕ ጉዳይ አለበት። ሰውየው የሚንገበገበው ግፍ ተሠራ፣ ተናቅሁ፣ ተታለልሁ ብሎ ነው። ስለዚህ ውሳኔ፣ ንግግር፣ ሕግ፣ የዋጋ ጭማሪ፣ የዳኛ ፊሽካ ኢንሴንስ ያደርጋሉ። የሚያለቅስ ሕፃን ኢንሴንስ አያደርግም። አደረገኝ ካላችሁ ሰሚው የሚታዘበው እናንተን ነው።

ሌላው ቦታውን ማወቅ ነው። ይህ የዜና ቃል ነው። ጋዜጠኛ ስለ ሌላ ሰው ሲጽፍ ያምርበታል፤ ኳስ ተንታኝም ስለ አሠልጣኙ ሲናገር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤቱ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ግን ያለችውን አጭሯን «አንግሪ» ነው የሚያወጣው። አይኤልትስ ጄኔራል በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ደብዳቤ ጻፉ ይባላል፤ አቤቱታ ይመጣል። አንዷ ተማሪዬ በሩ የተፋቀ አዲስ ፍሪጅ ደረሰኝ ብላ ስትጽፍ ገና በመጀመሪያው መስመር «አይ አም ኢንሴንስድ» አለች። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ግን ገና ሰላም ሳይባል ጠረጴዛ እንደመደብደብ ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ «ዲሳፖይንትድ» ይላሉ፤ አዘንኩ። ለስለስ ያለች ብትመስልም ብር አስመልሱልኝ የምትለው እሷ ናት። ኢንሴንስድን ለኢሴው፣ ለድርሰቱ ማለቴ ነው፣ አስቀምጡት፤ ለምሳሌ መንግሥት ግብር ሲጨምር ሕዝቡ ምን እንደሚሰማው ስትጽፉ።

የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የምትተረጉሙ ካላችሁ ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር ልበል፤ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለልጆች ብላችሁ የቅዳሴውን ሥርዓት በእንግሊዝኛ የምታዘጋጁ። «ካህኑ ሕዝቡን አጠኑ» የሚለውን «ዘ ፕሪስት ኢንሰንስድ ዘ ፒፕል» ብላችሁ ብትጽፉ ስህተት አይደለም። ቃሉ ማጠን የሚል ፍቺም አለው፤ ያኔ ጉልበቱ እንደ ስሙ «ኢን» ላይ ነው። ወረቀት ላይ ግን ጉልበት አይታይም። ያ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ካህኑ ሕዝቡን ክፉኛ አናደዱ ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚህ የሚገላግላችሁ «ሴንስ» የሚል አጭር ግስ አለ፤ በሲ ይጀምራል፣ ከማጠን ሌላ ትርጉም የለውም። ጽናው ከዚሁ ወጥቶ «ሴንሰር» ይባላል። አጻጻፉን ግን ደግማችሁ እዩት፤ የጽሑፍ ቀበኛው ሳንሱርና ስልክ ውስጥ ያለው ሴንሰርም በእንግሊዝኛ ድምፃቸው አንድ ነው።

በሉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ልስጣችሁና መልሱን ከሥሩ እዩ። አንደኛ፤ «የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሳያማክረን መዋጮ ስለጨመረ ተናደድን።» ሁለተኛ፤ «የጎረቤቴ ዶሮ ሌሊት እየጮኸ ያናድደኛል።»

የመጀመሪያው በ«ተ» ነው፣ ንቀትም አለበት፤ «ዊ ወር ኢንሴንስድ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ጭማሪውን በ«ባይ» አስከትሉ። ሁለተኛው በ«አ» ነው፤ ግን ዶሮው ማንንም አልበደለም። ለእሱ አኖይ ይበቃዋል።