የሚንቀጠቀጥ የግራይንደር መግጠሚያ፦ በመጨረሻ የሠራው መንገድ

ለ125 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ያዘጋጀሁት የብርጭቆ ወረቀት መያዣ ሲሽከረከር ይወዛወዝ ነበር። በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር በሚደርስ ማሽን ላይ ይህ እጅ ያደነዝዛል፤ የሚለሰልሰውንም ብረት ያጎደጉደዋል።

የግራይንደሩን ኩሽኔታ መቀየር ለውጥ አላመጣም። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ዳዶ ላሜራ ላይ መበየድም አልሠራም፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ዳዶውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ሮንደላ መደራረብማ ጭራሽ አባሰው።

ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መወዛወዝን የሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) ሳስጠጋ ነገሩ ተገለጠ፦ ጠርዙ ክብ ነው፤ ፊቱ ግን ከመሃሉ ጥርስ (ከብሎን መግቢያው) ጋር 90 ዲግሪ አይሠራም።

ስለዚህ ክብ ብረት ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ አስሬ በ12 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሳሁ። የኤም 14 በ2 (14 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 2 ሚሊ ሜትር) ጥርስ ማውጫውን በቶርኖው የኋላ ድጋፍ አቅንቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ በእጅ እያዞርኩ ጥርሱን አወጣሁ። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሥራ ነው፤ ለእኛ ለሰበታ ሰዎች ቀላል ጥቅም አይደለም። ከዚያ ሳልፈታው ግራይንደሩ ላይ የሚያርፈውን ፊት ላጥኩ። ከመላጡ በፊት ከተፈታ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱ ለሚያርፍበት ለሌላኛው ፊት፣ ትከሻ (መያዣው ተደግፎ የሚቆምበት ደረጃ) ያለው የኤም 14 ብሎን ቶርኖው ላይ ቀረጽኩ፤ ብሎኑ እንደታሰረ መያዣውን አጥብቄበት ፊቱንና ጠርዙን ጨረስኩ። የቶርኖው ዙር ይበልጥ ስለሚያጠብቀው፣ ለመፍቻ የሚሆኑ ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች አስቀድማችሁ በሞረድ አውጡለት።