በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት አዛውንት ሲጣሉ ምን ይደረጋል?

በለገጣፎም ሆነ በሱሉልታ በኩል፣ ብዙ ሰው አብሮ በሚያድርበት መጦሪያ ጠብ የሚነሳው በትንሽ ነገር ነው፦ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ወንበር፣ በአልጋ፣ በጋቢ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የጎረቤቱን ጋቢ የራሱ መስሎት ይለብሳል። ባለጋቢው ደግሞ ተሰረቅሁ ብሎ ከዘራ ያነሳል።

1. ሁለቱን ይለያዩ። ከኋላ አይያዙ፤ የደነገጠ ሰው ይማታል። ከዘራው የማይደርስበት ቦታ፣ ከፊት ትንሽ ወደ ጎን ቆመው ዝግ ባለ ድምፅ ይጥሩ፤ «አባባ፣ ቡናው ደርሷል፣ ይምጡ»። «ለምን መቱት?» ማለት ነገሩን ያባብሳል፤ ምክንያቱን ላያስታውሱት ይችላሉ፣ ክሱ ግን ይሰማቸዋል። ከዘራውን አይንጠቁ፣ ተደግፈውበት ከሆነ ይወድቃሉ። ሁለተኛው ተንከባካቢ ሌላኛውን ይዞ ይውጣ።

2. ጉዳት ይፈትሹ፣ የመታውንም ጭምር። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። በአረጋዊ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደማ ደም ምልክቱን ከሳምንታት በኋላም ሊያሳይ ይችላል፦ እንቅልፍ ማብዛት፣ ትውከት፣ ግራ መጋባት። ወድቆ አንድ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ከሆነ ዳሌው ሳይሰበር አይቀርም፤ አያስነሱት፣ አምቡላንስ ይጥሩ።

3. በዚያው ቀን ይጻፉ። «ተናደው ተማቱ» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም። «ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሳሎን፤ ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር፣ እራት ዘግይቷል፣ በር አጠገብ ያለው ወንበር ተይዞባቸዋል» ተብሎ ይጻፍ። እንዲህ ያሉ ጥቂት ማስታወሻዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ሰዓቱ ወይም ወንበሩ ራሱ ጎልቶ ይወጣል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙዎች አመሻሽ ላይ ይቁነጠነጣሉ፤ የተንከባካቢ ፈረቃ በዚያ ሰዓት መቀያየሩ የተለመደ ስህተት ነው።

4. ገላውን ያስመርምሩ። በአንድ ሁለት ቀን ጠባዩ የተለወጠ ሰው የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም ወይም ያልተስማማው አዲስ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል። በማስተኛ መድኃኒት ዝም ማሰኘት አቋራጭ ይመስላል፤ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት አንዳንዶቹ ግን የመርሳት በሽታ ላለበት አረጋዊ የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራሉ። ያለ ሐኪም አይሞከርም። አልጋ ላይ ማሰርማ ጭራሽ አይሆንም፤ ንዴቱም አደጋውም ይብሳል።

5. ቤቱን ያስተካክሉ። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ረጅም አግዳሚ ያኑሩ። በየጋቢው ጥግ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ይስፉ፣ በየበሩ የባለቤቱን ፎቶ ይለጥፉ። ከአንድ ትሪ መብላት ደስ ቢልም፣ በጉርሻ ለሚጣሉት ለየብቻ ይቅረብ። አማርኛው እየጠፋባቸው ወደ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ለሚመለሱ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ተንከባካቢ ይመደብ።

ክፍል መቀየር ግድ ከሆነ፣ አዲሱን ቦታ ቶሎ የሚለምደው ሰው ይዛወር፤ የተመታው ሰው ግን ሳይጠየቅ አይነሳ። ለሁለቱም ቤተሰቦች በዚያው ቀን ይደወል።