ተርሚናሉ የፋይልዎን ኢንኮዲንግ ሲሳሳት እንዴት ማረም ይቻላል

ጅማ ላይ መዝገብ የሚይዝ ሰው በሁለት ፊደል መሥራቱ የተለመደ ነው። የቡና አቅራቢዎች ዝርዝር በቁቤ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርዱ የአማርኛ ስምና ማስታወሻ ይመጣል። ይህን ዝርዝር ሊኑክስ ላይ «ፋይል» በሚባለው ትዕዛዝ ቢፈትሹት «ዩኤስ-አስኪ»፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሉት፣ ሊልዎት ይችላል። ያንን አምኖ የተጻፈ ስክሪፕት ደግሞ የመጀመሪያው የግዕዝ ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ትዕዛዙ የሚሠራው በግምት ነው። አዳዲሶቹ ስሪቶች ኢንኮዲንግን (ፊደላት በባይት የሚጻፉበትን ሥርዓት) ለመለየት የሚያነቡት የፋይሉን መጀመሪያ 64 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው፤ ቁቤ ደግሞ በአብዛኛው ከአስኪ አይወጣም። ስለዚህ መልሱን እንደ ጥቆማ ይዩት እንጂ አይመኑት።

1. ፋይሉን ኮፒ ያድርጉና በኮፒው ላይ ይሥሩ።

2. ኢንኮዲንግ የሚቀይረውን ትዕዛዝ «አይኮንቭ»ን ከዩቲኤፍ-8 (ላቲንንም ግዕዝንም ከሚይዘው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) ወደ ዩቲኤፍ-8 እንዲቀይር ይዘዙት፣ ውጤቱንም የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ወደ ዴቭ-ነል ይጣሉት። ፋይሉን እስከ መጨረሻው ያነባል። ዝም ካለ ችግር የለም፤ ካጉረመረመ የተሰናከለበትን ቦታ በቁጥር ይነግርዎታል።

3. ያንን ቦታ ባይቶችን በሄክሳዴሲማል በሚያሳየው ትዕዛዝ በ«ኤክስኤክስዲ» ይመልከቱ። በዩቲኤፍ-8 የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፣ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1 ነው። «ጅማ» ለምሳሌ ኢ1 8ሲ 85 ኢ1 88 9ቢ ነው። ፋይሉ በኤፍኤፍ ኤፍኢ ከጀመረ ዩቲኤፍ-16 (ሌላው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) ነውና በአይኮንቭ ከዩቲኤፍ-16 ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይሩት። በአማርኛው ቦታ 3ኤፍ ከተደረደረ ግን ጽሑፉ ሲቀመጥ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ጠፍቷል፤ ላኪውን እንደገና ይጠይቁ።

4. ብቻውን የቆመ 92 ካገኙ፣ ብዙውን ጊዜ ከዎርድ የመጣ የቁቤ ሁዻ (ነጠላ ጥቅስ የሚመስለው ምልክት) ነው፤ ዊንዶውስ-1252 የተባለው የቆየ ኢንኮዲንግ የተጠማዘዘውን ነጠላ ጥቅስ የሚጽፈው በዚህ ባይት ነው። ሁለት ሰው የጻፈውን አንድ ላይ ሲያጣብቁ የሚፈጠር ድብልቅ ነው፣ እኔ ከሁሉም የምፈራውም እሱን ነው። ሙሉውን ፋይል ከዊንዶውስ-1252 ልቀይር ካሉ አማርኛው ይበላሻል። 92ን በጅምላ ልተካ ካሉም «ሒሳብ» ይፈርሳል፦ «ሒ» ራሷ ኢ1 88 92 ናት! ከመጣበቃቸው በፊት የነበሩት ፋይሎች ካሉ የቁቤውን ብቻ ቀይረው እንደገና ያጣብቁ። ከሌሉ መስመር የሚፈልገውን ትዕዛዝ «ግሬፕ»ን በኤን፣ ኤ፣ ኤክስ እና ቪ አማራጮች፣ «ነጥብ ኮከብ» በሚለው ፓተርን ያስኪዱት፤ የተበላሹትን መስመሮች ከነቁጥራቸው ያወጣልዎታል። እነሱን ብቻ ያርሙ። ሎኬሉ (የተርሚናሉ የቋንቋና የኢንኮዲንግ ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ግን የግሬፕ ዝምታ አያስተማምንም።

5. ሁለተኛውን ደረጃ ይድገሙ። አይኮንቭ ዝም ሲል ኮፒውን በዋናው ቦታ ይተኩ።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከፈረንጆቹ 1999 በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ከሆነ በዚህ መንገድ አይሞክሩት። አይኮንቭ አያውቃቸውም፤ ለየፎንቱ የተሠራ መለወጫ ያስፈልጋል።