የጥንት ሰው አለምን እንዴት እንዳዳረሰ ካርታ ላይ ራሳችሁ ተከተሉት

የአለም ካርታ ፕሪንት አርጉ፣ እርሳስና ላጲስ ያዙ፣ በቃ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ከአፍሪካ ተነስቶ አሜሪካ ድረስ የሚዘልቅ ረጅም ቀስት እንዳታሰምሩ። ብዙ ካርታ ላይ እንደዛ ስለሚሳል የሚያየው ሰው የሆነ ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ አውስትራሊያ እንሂድ ብሎ የተነሳ ይመስለዋል፣ ከነዛ ሰዎች ግን መድረሻውን የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ በቀስት ፋንታ የጥንት ሰው አጽም ወይም ዱካ የተገኘበት ቦታ ላይ ነጥብ አርጉ፣ ከጎኑ የተገኘውን ነገር ዕድሜ ጻፉ። ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ ላይ 300,000 አመት ገደማ፣ ኦሞ ኪቢሽ 230,000 ገደማ፣ አፋር ሄርቶ 160,000፣ ከዛ እስራኤል ሚስሊያ ዋሻ 180,000 ገደማ። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው አንዴ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባችሁ እዚህ ነው። ዛሬ ከአፍሪካ ውጪ ያለው ህዝብ በአብዛኛው የሚወለደው ከ50,000 እስከ 70,000 አመት በፊት ከወጡት ነው፣ ከነሱ በፊት የወጡት ግን ዘራቸው የቀጠለ አይመስልም። የሚስሊያን ነጥብ ውስጡን ሳትቀቡ ክብ ብቻ አርጋችሁ ተዉት። እኔ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ክብ ነው፣ እነዛም እኮ እሳት ያነደዱ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ ላጲሱን አንሱና የባህር ዳርቻውን አጥፉ። ከ20,000 አመት በፊት አካባቢ ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ስለተከመረ ባህሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ሳይቤሪያንና አላስካን በየብስ አገናኙ፣ ሱማትራ ጃቫና ቦርንዮን ከእስያ ጋር አጣብቁ፣ አውስትራሊያን ደግሞ ከኒው ጊኒና ከታዝማኒያ ጋር። በእስያና በአውስትራሊያ መሃል ያለውን ጥልቅ ባህር ግን አትንኩት፣ እሱ ደርቆ አያውቅም፣ ስለዚህ አውስትራሊያ የገባ ሰው የሆነ ታንኳ ወይም የታሰረ እንጨት ነገር ላይ ተሳፍሮ ነው የተሻገረው ማለት ነው። እዛው አውስትራሊያ ሙንጎ ሀይቅ ላይ 40,000 ብላችሁ ጻፉ።

ለምን ተነሱ ካላችሁ ዋናው ዝናብ ነው። ምድር ስትሽከረከር ዘንጓ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፣ በዛ ምክንያት በየሃያ ምናምን ሺህ አመቱ ዝናቡ ወደ ሰሜን ይገፋና ሰሃራና አረቢያ ሳርና ሀይቅ ይሆናሉ፣ እንስሳው ይሄዳል ሰውም ይከተላል፣ ከዛ ሲደርቅ ወደኋላ መመለስ ወይ ወደፊት መግፋት ነው። ያ ባይሆንም አድኖና ለቅሞ የሚኖር ቡድን ሲበዛ አካባቢው አይበቃውም፣ ወጣቶቹ ተነጥለው ቀጣዩ ሸለቆ ይሰፍራሉ።

አሁን ሂሳቡን ስሩት። አንድ ትውልድ 25 አመት ብንል እና እያንዳንዱ ትውልድ ከወላጆቹ ሰፈር 20 ኪሎሜትር ብቻ ራቅ ቢል በ10,000 አመት 400 ትውልድ ይሆናል፣ ያ ደግሞ 8,000 ኪሎሜትር ነው። በህይወቱ ሩቅ የሄደ ሰው ሳይኖር የአለም ዙሪያ አንድ አምስተኛው ተሄደ!

ወደ ሰሜን ስትወጡ ብርዱን አትርሱ፣ እዛ ያኖራቸው የተሰፋ የቆዳ ልብስ ነው። ሳይቤሪያ ያና ወንዝ ላይ 32,000 ገደማ ጻፉ፣ ከዛ አሜሪካ ዋይት ሳንድስ ላይ ከ21,000 እስከ 23,000፣ የተገኘው የእግር ዱካ ነው፣ ቺሌ ሞንቴ ቬርዴ ላይ ደግሞ 14,500።

ስራችሁን በዲኤንኤ አረጋግጡ። ከአፍሪካ በራቃችሁ ቁጥር በአንድ ህዝብ ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ተነጥሎ የሚሄደው ሁሌ ጥቂት ሰው ነው። ከአፍሪካ ውጪ ያለ ሰው ላይ ደግሞ 2 ፐርሰንት ገደማ የኒያንደርታል፣ ማለትም ዛሬ የጠፋ ሌላ የሰው ዝርያ፣ ዲኤንኤ አለ፣ ማለትም መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች አግብተው ወልደዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ኒውዚላንድ ነው፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ከሌላው ጋር ሲተያይ ትናንት ማለት ነው። ፖሊኔዥያኖቹ፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሰዎች፣ ታንኳቸው ላይ ውሻ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ጭነው ነው የሄዱት፣ የሚተከል ነገር ይዞ ባህር የሚገባ ሰው ደግሞ ሊሰፍር አስቦ ነው የተነሳው። እዚህ ጋ ቀስት አስምሩ።