የሙዚቃ መሣሪያን ከነተጫዋቹ ፎቶግራፍ ማንሳት

የባህል የሙዚቃ መሣሪያ ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ድምፁ ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የካሜራው ትኩረት ማረፍ ያለበት እዚያው ላይ ነውና። ማሲንቆ የሚጮኸው ደጋኑ ከፈረስ ጭራ የተሠራውን ነጠላ አውታር ሲፈትገው ሲሆን፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ አውታሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳያጣብቁ በመንካት ብቻ ዜማውን ያወጣሉ። ስለዚህ ከቅርብ ሲነሣ ጣቶቹ፣ አውታሩና በላዩ የቀረው የዕጣን ብናኝ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። በገና 10 አውታሮች ያሉት ሲሆን በግራ እጅ ይደረደራል፤ ያ የሚነዝር ድምፁም በአውታሮቹና በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) መካከል ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዝራዎቹ፣ የሚመጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቦታውን በደርዳሪው ግራ በኩል ይይዛል። በስልክ የፊት ካሜራ ማንሳት ግን አይመከርም፤ አንዳንድ ስልኮች ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጡት ደርዳሪው በቀኝ እጁ የሚጫወት ሊመስል ይችላል።

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ዋናው ፈተና ብርሃኑ ነው። አካባቢው ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑና ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ፣ የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ እየወረደች የዓይንን ጉድጓድ በጥቁር ጥላ ትሞላለች። ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይመረጣል። ቀትር ላይ መሥራት ግድ ከሆነ ተጫዋቹን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ያህል አስገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ማስቀመጥ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ጥላ ያጓጓል እንጂ ፊትን ዥጉርጉር ያደርጋል፤ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ አጥርም ሰማያዊውን ወይም አረንጓዴውን በጉንጭ ላይ ያጋባል። ነጭ ጋቢ ግን በጉልበት ላይ ሲዘረጋ ከታች ወደ ላይ ብርሃን ስለሚመልስ ከብዙ የተገዛ መሣሪያ ይሻላል። ችግሩ ካሜራው በነጩ ልብስ ተታልሎ ፊቱን ማጨለሙ ነው፤ በስልክ ፊቱን ነክቶ ብርሃኑን ማስተካከል፣ ከዚያም የጋቢው ፈትል እስኪለይ ድረስ ጥቂት መቀነስ ነው።

ከበገና ጋር ተጠግቶ በሰፊ ሌንስ ማንሳት የታችኛውን ሣጥን አሳብጦ የደርዳሪውን ራስ ያሳንሰዋል። ወደ ኋላ ማለትና ከ50 እስከ 85 ሚሊሜትር ያለ ሌንስ፣ በስልክ ደግሞ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን መጠቀም ይገባል።

የደጋኑን እንቅስቃሴ ለማቆም 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ የካሜራ መዝጊያ (ሸተር) ያስፈልጋል፤ በ1/30 ሲነሣ ግን እጁ ይደበዝዝና ፊቱ ይጠራል፣ ለእኔ የጨዋታውን ስሜት ይበልጥ የሚያሳየው ይኸኛው ነው። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር እንዳይወጣ 1/50 ወይም 1/100 ይመረጣል፤ የአገራችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉና።

ከሰው ጋር ያለው ነገር ከካሜራው ይቀድማል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በዐቢይ ጾም እየደረደሩ ያሉ አባት ዘንድ ሄዶ «እስቲ ቀና ይበሉ» ማለት ነውር ነው፤ ሲጨርሱ «አባባ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በፍላሽም አይነሣም። አዝማሪ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፎቶ አንሺውን ራሱን በግጥም ጠልፎ ቤቱን ሊያስቅበት ስለሚችል፣ ያኔ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መሳቅና መሸለም የወግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ፊት ከመጀመሪያው የላላ ይሆናል።

ፎቶውን ለተጫዋቹ በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል መልክ ይላኩት፤ በተራው መንገድ ከተላከ ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አውታሮቹ ተደበላልቀው ይታያሉ።