አሮጌ ፓውንድ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሮጌ ሻንጣ ኪስ ወይም በመጽሐፍ መሃል የቆየ የእንግሊዝ ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሁንም ይሠራል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ያወጣው ማን ነው?» ብሎ ነው። ፓውንድ የሚከፈለው ባወጣው ባንክ ነው፤ አውጪውን ሳያዩ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

ቀኑ አልፏል ብሎ መጣል

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የብር ኖቶች ሲቀየሩ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ አሮጌው መቶ ብር ተራ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ያንን ያየ ሰው ፓውንዱንም እንደዚያው ቢቆጥር አይፈረድበትም። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ አሠራር ግን ሌላ ነው፦ የራሱን ኖት መቼም ይምጣ መቼ በላዩ በተጻፈው ዋጋ ይከፍላል።

በብዛት የሚገኙት አራት ናቸው። ኤልዛቤት ፍራይ ያለችበት የወረቀት 5 ፓውንድ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2017፣ ዳርዊን ያለበት 10 ፓውንድ ማርች 1 ቀን 2018፣ አዳም ስሚዝ ያለበት 20 ፓውንድ እና ቦልተንና ዋት ያሉበት 50 ፓውንድ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ከገበያ ወጥተዋል። ከገበያ ወጡ ማለት ባለሱቅ አይቀበላቸውም ማለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከገበያ የወጣው የኒውተን 1 ፓውንድ ኖት እንኳ ዛሬም አንድ ፓውንድ ያስከፍላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የንጉሥ ቻርልስ ኖቶች በጁን 2024 ሲወጡ የንግሥቲቱ ፕላስቲክ ኖቶች የተሻሩ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። አልተሻሩም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ። «ልቀይርልህና ትንሽ ኮሚሽን ስጠኝ» የሚል ካለ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

«ስተርሊንግ» የሚል ሁሉ ከለንደን የመጣ ይመስላል

የኖቱን የላይኛውን መስመር ያንብቡ። ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ወይም ክላይድስዴል ካለ የስኮትላንድ ነው። ባንክ ኦፍ አየርላንድ፣ ዳንስክ ወይም አልስተር ባንክ ካለ ደግሞ የሰሜን አየርላንድ። ከገበያ የወጡ የእነዚህ ኖቶች ጉዳይ የአውጪው ባንክ ነው፤ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ አይቀይራቸውም።

እኛ ዘንድ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። አንበሳና ተራራ የተቀረጸበት፣ በጀርባው ንጉሥ ጆርጅ ያለበት ሺሊንግ በብዙ ቤት አለ። ያ የእንግሊዝ ሺሊንግ አይደለም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ብር እ.ኤ.አ. በ1945 እስኪመለስ ድረስ፣ እዚሁ አገራችን ይገበያይበት ነበር። ለንደን ቢወስዱት የሚቀይርዎ መስኮት የለም። እስከ 1946 የተመታው ሩቡ የብር ማዕድን ስለሆነ የሚያየው አንጥረኛ ወይም የአሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢ ነው።

ሳንቲምን እንደ ኖት መቁጠር

ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። የ«ዘላለም ይከፈላል» ቃል የኖት ብቻ ነው። ሳንቲም የሚያመርተው ሮያል ሚንት ነው፤ ከገበያ የወጣ ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን እሱም ሆነ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ አይመነዝሩለትም።

ክቡ 1 ፓውንድ ኦክቶበር 15 ቀን 2017 ከገበያ ወጣ። ብሪታንያ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው አሁንም ሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ አብዛኞቹ ባንኮች ይቀበላሉ፣ ግን እንደየባንኩ ፈቃድ ነው። ትልልቆቹ 5 ፔንስ (1990)፣ 10 ፔንስ (1993) እና 50 ፔንስ (1998) ከገበያ ከወጡ ቆይተዋል። ከፌብሩዋሪ 1971 በፊት የነበረው የፔኒና የሺሊንግ ሥርዓት ደግሞ በተጻፈበት ዋጋ የሚከፍለው የለም። ዋጋ ካለው በውስጡ ባለው የብር ማዕድን ነው፦ ሺሊንግ፣ ፍሎሪንና ሃፍ ክራውን የሚባሉት የዚያ ዘመን ሳንቲሞች ከ1920 በፊት 92.5 በመቶ፣ ከ1920 እስከ 1946 ደግሞ 50 በመቶ ብር ነበሩ። ከ1947 ወዲህ የተመቱት ምንም ብር የላቸውም። ስለዚህ ሻጭ «ጥንታዊ ነው» ሲልዎ መጀመሪያ ዓመቱን ያንብቡ።

ክቡን ፓውንድ ባንክ ከመውሰድዎ በፊት አንድ በአንድ ይዩት። ከገበያ የወጣበት ምክንያት ራሱ ከ30 አንዱ ሐሰተኛ ስለነበር ነው። የንግሥቲቱን ፊት ቀጥ አድርገው ይያዙና ሳንቲሙን ወደ ጎን ያዙሩት፤ በእውነተኛው ላይ የጀርባው ምስል ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በብዙ ሐሰተኞች ላይ ግን ጋደድ ይላል። የጠርዙን ጽሑፍ በጥፍርዎ ይዳስሱ፦ ፊደሉ ያልጠለቀ፣ የተንጋደደ ወይም የጠፋ ከሆነ ይጠርጥሩ። ክብደቱ 9.5 ግራም መሆን አለበት፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሐሰተኛ ሳንቲም የሚተካልዎ የለም።

እያዩ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመታው የኤዲንብራ አርማ ያለበት ከተገኘ አይስጡት። ቁጥሩ 935,000 ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢ ከአንድ ፓውንድ በላይ ይከፍልበታል።

ኖቱን በተራ ፖስታ መላክ

ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ በፖስታ ይቀበላል፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ ግን ኪሳራው የላኪው ነው። መጀመሪያ ቅጹን በኢንተርኔት ይሞላሉ፤ ያትሙታል፤ ፎቶ ያለው መታወቂያና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ኮፒ አያይዘው ከኖቶቹ ጋር ባንኩ ወደሚገኝበት የለንደኑ ትሬድኒድል ጎዳና ይልካሉ። መታወቂያው ሲረሳ ጉዳዩ በደብዳቤ ምልልስ ይጓተታል።

ብሪታንያ ውስጥ ሆነው ሲልኩ ስፔሻል ዴሊቨሪ ጋራንቲድ የሚባለውን የፖስታ አገልግሎት ይምረጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ቢጠፋ የሚክሰው እሱ ነው። የካሳው መነሻ እስከ 750 ፓውንድ ነው፤ ተጨማሪ ተከፍሎ እስከ 2,500 ይደርሳል። ተፈርሞ የሚደርሰው ሳይንድ ፎር ርካሽ ቢሆንም ለጥሬ ገንዘብ ካሳ የለውም። ከአዲስ አበባ በፖስታ መላክ ግን አይመከርም።

ትንሽ ገንዘብ ይዞ ወረፋ መጠበቅ

ለንደን ያለ ሰው መጀመሪያ የራሱን ባንክ ይጠይቅ፤ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ አለ። በተመረጡ ፖስታ ቤቶች ደግሞ የወረቀት 20 እና 50 ኖቶች በሁለት ዓመት እስከ 300 ፓውንድ ድረስ ይቀየራሉ። የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መስኮት ለተቀረው ነው፤ ወረፋው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ መታወቂያም ይጠየቃል።

የተቀደደ ኖት መጠገን

የታጠበ፣ አይጥ የበላው ወይም የተቃጠለ ኖት ካለ ቁርጥራጮቹን በማጣበቂያ ፕላስተር አይለጥፉ፣ በውሃም አይጠቡ። ባንኩ የሚያየው በአጠቃላይ ቢያንስ ግማሹ የቀረውን ነው። ስብርብሩን እንዳለ በንጹህ ፕላስቲክ ከረጢት ያስገቡ፤ ለተበላሸ ገንዘብ የተለየ ቅጽ ስላለ እንዴት እንደተበላሸ እዚያ ላይ ይጻፉ።